የቀረውን ብቻ የሚጽፍ መዝገብ

ክብደቱ ዘግይቶ የሚገባ አንድ ምርቃት አለ፤ «ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው። ልጅ ሳለሁ ሽማግሌዎች በዚህ ቃል ሲመርቁኝ ቅር ይለኝ ነበር። ለአንድ ፍሬ ልጅ የመቃብርን ነገር ምን አስነሣቸው እያልኩ በልቤ እታዘባቸዋለሁ። ምርቃቱ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ መካነ ሰላም ከተማ ዳር በሚገኝ አንድ ቅሬ ለሦስት ዓመታት በጸሐፊነት ሳገለግል ነው። ዛሬ የማነሣቸውን ሰው በቅርብ ያወቅሁትም በዚያው ጊዜ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ማኅበር ወሎ ቅሬ ይለዋል። ቅሬ ሙት ይቀብራል፤ ሐዘንተኛ ያጽናናል፤ ሥራው ግን በዚህ አያበቃም። በቦረና፣ በሳይንትና በለጋምቦ ደጋ፣ መኪና በማይደርስባቸው መንደሮች፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገድ የሚያወጣት የቅሬ ሰው ነው። የተጣላን ያስታርቃል፤ ንብረት ሲጠፋ አውጫጭኝ ይቀመጣል። ከቅሬ የወጣ ሰው እሳት የሚጭርለት ጎረቤት ያጣል። ከዚህም በላይ ብዙው የወሎ ቅሬ ሙስሊምና ክርስቲያን አይለይም። አንዱ የሌላውን ሙት ይሸከማል፤ አንዱ ለሌላው መቃብር ይቆፍራል።

እኚያን ሰው መንደሩ በሙሉ «አያ» ብቻ ይላቸው ነበር። የድንኳኑ ካስማ፣ ዶማውና አካፋው የሚቀመጡት በእሳቸው ቤት ነው። ሰው ሲያርፍ ገና ጎሕ ሳይቀድ ይነሣሉ። ባናቸውን ተከናንበው፣ ውርጩን እየረገጡ ከመንደሩ በላይ ወዳለው ጉብታ ይወጡና «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይላሉ። የሟቹን ስምና የቀብሩን ቦታ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ይናገራሉ። ከዚያ ወርደው ዶማቸውን ያነሣሉ፤ ሌላው ሰው ሲደርስ እሳቸው አፈሩን እስከ ጉልበታቸው አውጥተው ይገኛሉ። ደመወዝ አልነበራቸውም። የቅሬ ዳኛ እንዲሆኑ በተመረጡ ጊዜም «እኔ መርዶ ማድረስ እንጂ ሰው መዳኘት አልችልም» ብለው ለሌላ ለቀቁ።

እኔ ተማርኩ ባዩ ያላስተዋልኩትን ነገር ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ከቀብር ስንመለስ «የእኛም የእነሱም ጉድጓድ አንድ መስመር ነው» አሉኝ። ነገሩን ሳሰላው እውነት ሆኖ አገኘሁት። ክርስቲያን ራሱ በምዕራብ፣ እግሩ በምሥራቅ ሆኖ በጀርባው ይጋደማል፤ በትንሣኤ ቀን ሲነሣ ፊቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው። ሙስሊም ደግሞ በቀኝ ጎኑ ይተኛና ፊቱን ወደ ቂብላ ያደርጋል። ከቦረና ሆኖ ለሚያይ መካ በሰሜን በኩል ስለሆነች የሙስሊሙ ራስጌ በምሥራቅ ይውላል። ስለዚህ ሁለቱም መቃብሮች ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘረጋሉ፤ የሚለያዩት በራስጌያቸው ነው። አያ ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም። ዕድሜ ልካቸውን ለሁለቱም ስለቆፈሩ ነው።

ሲያርፉ እኔ ከአገር ርቄ ነበር። «ለቀባሪው አረዱት» የሚለው ተረት አዋቂን ላስተምር የሚልን ሰው ለማሽሟጠጥ የሚነገር ነው። የዚያን ቀን ግን የሚያረዳው ቀባሪ ራሱ ሞቶ፣ ጉብታው ላይ የሚወጣ ሰው ጠፋ። መርዶው በስልክ ከቤት ቤት ሲዞር ኔትወርክ ያልደረሰው ሰው ሳይሰማ ቀረ። ሕዝብን ሁሉ ለቀብር ሲጠሩ የኖሩት ሰው በጥቂት ሰው ተቀበሩ።

ለአርባቸው ተዝካር ስሄድ ስለ እሳቸው ጥቂት ቃል እንድናገር ተጠየቅሁ። ቢያንስ በእኔ ጊዜ በስንት ቀብር ላይ እንደዋሉ ልቁጠር ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩትን የቅሬውን መዝገብ ከፈትሁ። መዝገቡ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ የወር መዋጮ፣ ሁለተኛው ቅጣት። በመዋጮው ተራ ስማቸው እንደማንኛውም አባል ተቀምጧል። ወደ ቅጣቱ ስሻገር ከቀብር የቀሩት፣ ያረፈዱት፣ ድንኳን ሲተከል የጠፉት በየገጹ ይመላለሳሉ፤ የእያንዳንዱ ቀንና ምክንያት ሳይቀር ተጽፏል። ሰባት ጊዜ የተቀጣ አንድ ጎረቤታችን ሙሉ ታሪክ አለው። አንድም ቀን ቀርተው የማያውቁት ሰው ግን አንዲት መስመር አልነበራቸውም። መዝገቡ የሚጽፈው የቀረውን እንጂ የመጣውን አልነበረም። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ይህ ጉድለት የአንድ ደብተር ብቻ መስሎ አይታየኝም። በዚሁ በአባይ አፋፍ፣ በጥንቱ የአምሐራ ምድር፣ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ንጉሡ በዕደ ማርያም አትሮንሰ ማርያምን አነጸ። የቀደሙት ነገሥታት አፅም ተሰብስቦ በዚያች ቤተ ክርስቲያን እንዲያርፍ አድርጓል። ቤተ ክርስቲያኗ በሚቀጥለው ምዕተ ዓመት ጦርነት ብትቃጠልም የንጉሡ ስም በዜና መዋዕሉ ዘልቋል። ያንን አፅም ተሸክመው ገደል የወጡት፣ ጉድጓዱን የቆፈሩት እነማን ነበሩ? ከእኛ ዘመን ስንጠጋም ነገሩ አይለወጥም። የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል «ዝክረ ነገር» (1942 ዓ.ም.) ባይጻፍ ኖሮ ስለ ቀድሞው መንግሥት ሥርዓት የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር። ባለውለታችን ነው። ነገር ግን የተዘከረው ሹመቱ፣ ርስቱና ግብሩ ነው። የመንደር አገልጋይ ዝክረ ነገር ገና አልተጻፈም።

አገር አንዳንዱን አይረሳም፤ አለመርሳቱም ደግ ነው። አበበች ጎበና በ1960ዎቹ አጋማሽ የረኃብ ዘመን ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ መጥተው፣ ሁለት ወላጅ ያጡ ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ የብዙ ሺህ ልጆች እናት ሆኑ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር በሙሉ አለቀሰላቸው። ለእሳቸው የሚበዛ ምስጋና የለም። የአገር ትዝታ ግን ጠባብ ነው፤ ከሺህ አገልጋዮች አንዱን ቢይዝ ነው። የቀሩትን መያዝ ያለበት መንደሩ ነው። ሌላው ዓለም ይህን ተረድቶታል። በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ የተመሠረተው የሮታሪ ክበብ፣ መሥራቹን ፖል ሃሪስን በዘከረ ስያሜ ዛሬም ባለውለታዎቹን ያከብራል። የእኛ ቅሬ ግን ለሚቀጣው እንጂ ለሚያመሰግነው ገጽ አላዘጋጀም።

«ጽድቅ በስውር ነው፤ ስም ከተጻፈ ውዳሴ ከንቱ ይሆናል» የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። አያም ቢሆኑ እንዲሁ ይሉኝ ነበር። መሰወር የሠሪው መብት ነው። የተደረገለት ሰው ግን በዚያ አመካኝቶ የመርሳት መብት የለውም። የእሳቸው ትሕትና ለእኔ ስንፍና መሸፈኛ ሊሆን አይገባም ነበር።

ደግሞም ነገሩ የሙት ክብር ብቻ አይደለም። የዛሬ የመንደራችን ወጣት ወይ አዲስ አበባ ነው፣ ወይ ዐረብ አገር ነው። የቀረውም ቢሆን ዶማ አንሥቶ የሚቆፍረውን ሰው እንደ ሞኝ ማየት ለምዷል። እንዴት አይልመድ? ያ ሰው ሲመሰገን ሰምቶ አያውቅም፤ ስሙ ተጽፎ አላየም። ያልተዘከረ አገልግሎት ተተኪ አያገኝም። አያ ባረፉ ጊዜ ጉብታው ላይ የሚወጣ የጠፋውም ስለዚህ ይመስለኛል። ማንም አልከለከለም፤ ግን ያንን ቦታ የሚመኝ ልጅ አላሳደግንም።

ሐውልት ይቁም አልልም። ደሴ ወይም አዲስ አበባ ሄዶ የሚጠየቅ በጀትም የለውም። እያንዳንዱ ቅሬ፣ እያንዳንዱ እድር በመዝገቡ ላይ አንድ ዐምድ ይጨምር። በየቀብሩ መጀመሪያ የደረሱትን፣ የቆፈሩትን፣ የተሸከሙትን ይጻፍበት። በዓመቱ ሒሳብ ሲታይ ገንዘቡ ብቻ አይነበብ፤ ያ ገጽም በሽማግሌዎችና በልጆች ፊት ይነበብ። ከሰውየው ቀብር በኋላ ሳይሆን ሰውየው በአግዳሚው ላይ ተቀምጦ እየሰማ ይነበብ። ብዕር ያላችሁ አንባቢዎቼ ደግሞ፣ በየመንደራችሁ ያለችውን ያችን አሮጌ ደብተር አንድ ጊዜ ግለጧት። ከቅጣቱ ገጽ ላይ ማን እንደጎደለ ፈልጉ። ታሪካችሁን የምታገኙት እዚያ ነው።

ተዝካሩ ካለቀ በኋላ አዲሱን የቅሬ ጸሐፊ ለብቻው አገኘሁት። ገና ሃያዎቹን ያልጨረሰ መምህር ነው። ሦስተኛ ዐምድ እንዲያሰምር ለመንኩት። ማስመሪያውን አወጣ፤ አሰመረ፤ ከዚያም እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ «ምን ብዬ ልሰይመው?» አለኝ።

«የመጡ» በለው አልኩት።

ቀባሪ አያሳጣን።