አባባን ጣይቱ ሆቴል ስትጋብዟቸው

ልጆች ወላጆቻቸውን «ዛሬ ምሳ ውጭ ነው» ብለው ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል ሲወስዷቸው ደስ ይለኛል። ያ የእንጨት ወለልና በረንዳ ብቻውን ያጫውታል። እቴጌ ጣይቱ ሆቴሉን ሲያቋቁሙ ምግብ በገንዘብ መሸጥ ለአገሩ እንግዳ ነበርና፣ መኳንንቱን ለማስለመድ አፄ ምኒልክ ራሳቸው ገብተው በልተው ከፈሉ ይባላል። በጥር 2007 ዓ.ም. ቃጠሎ ደርሶበት ጃዝ ይደመጥበት የነበረው ጃዛምባ ቢወድምም፣ ሆቴሉ ዛሬም የሚታወቀው በምሳው የጾም ቡፌ ነው።

«የጾም ነው፣ ምን ይጎዳል?» የሚሉ አሉ። እንጀራው፣ ሩዙ፣ ፓስታውና ድንቹ አንድ ሳህን ላይ ሲገናኙ ስኳር ላለበት ሰው ቀላል አይደለም። ከጎመኑና ከሰላጣው ይጀመር፣ ከቀሩት አንዱ ይመረጥ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከምሳው በፊት የሚመጣው ቢራ ነው። አባባ ጠዋት ግሊቤንክላማይድ ውጠዋል ወይም ኢንሱሊን ተወግተዋል እንበል። ጾመኛ ናቸውና ቁርስ አልቀመሱም። ቤተ ዘመዱ እስኪሰበሰብ «አባባ፣ አንድ ይጠጡ እንጂ!» ይባላል። መጠጡ ጉበት ወደ ደም ስኳር እንዳይለቅ ያግዳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ ማውረዱን አይተውም። ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንደበታቸው ይተሳሰራል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣሉ። ጠረጴዛው «ሞቅ አላቸው» ብሎ ይስቃል። በሥራ ዘመኔ «ሰክረው ነው» ተብለው የመጡ፣ ስኳራቸው ሲለካ ግን እጅግ ወርዶ የተገኘ አዛውንቶች አይቻለሁ። ቤት አስተኝቶ መተው ሕይወት ያስከፍላል።

እንዲህ ሲሆኑ፣ መዋጥ ከቻሉ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧቸው፤ ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳም ይሆናል፣ ስኳር አልባው ግን አይጠቅምም። በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ይደገም፤ ሲሻላቸው ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ምንም ነገር አፋቸው ውስጥ አትጨምሩ፤ በጎናቸው አስተኟቸውና ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ፣ ወይም የቀይ መስቀልን አምቡላንስ በ907 ጥሩ።

አባባ ውኃ ብቻ ይጠጡ አላልኩም። ሐኪማቸው ካልከለከላቸው፣ ምግቡ ከቀረበ በኋላ አንድ ብርጭቆ ቢጠጡ አልቃወምም። ሜትሮኒዳዞል የሚወስዱ ከሆነ ግን ጨርሶ አይቅመሱ። መጠጥ ስኳርን ከሰዓታት በኋላም ሊያወርድ ስለሚችል፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊት መለኪያውን አውጡና ለኩላቸው።