የቃላት ዘመድ ቆጠራ

መዝገበ ቃላት ቃላትን በፊደል ተራ ያሰልፋል። በፊደል ተራ መጎራበት ግን ዝምድና አይደለም፤ «ሞት» እና «ሞተር» አንድ ገጽ ላይ ቢገናኙም የሚተዋወቁበት ጉዳይ የላቸውም። በጀርመን አገር በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የተዘረጋው «ጀርማኔት» የተባለው የቃላት መረብ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተሠራ ነው። የኮምፒውተር ሰዎች መሣሪያ ነው ብለን ባናልፈው ደስ ይለኛል፤ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሊደነቅበትም ሊሟገተውም የሚገባ ሥራ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1985 ፕሪንስተን ላይ «ዎርድኔት» የተባለውን የእንግሊዝኛ መረብ ጀመረ። ጀርመኖችም በ1990ዎቹ ፈለጉን ተከትለው የራሳቸውን ዘረጉ፤ እያንዳንዱ ከነፍቺው ሲቆጠር ዛሬ ከ200,000 በላይ ቃል ይዟል። ተመሳሳይ ፍቺ ያላቸው ቃላት በአንድ ቋጠሮ ይታሰራሉ፤ ቋጠሮውም ከሌላ ቋጠሮ ይያያዛል፤ ፈረስ ከእንስሳ ሥር፣ ጎማ ከመኪና ጋር በአካልነት፣ ሙቅ ከቀዝቃዛ ጋር በተቃራኒነት። «ሽሎስ» የሚለው ቃል የበር ቁልፍም ነው፣ የነገሥታት ግንብም ነው፤ ስለዚህ በመረቡ ሁለት መኖሪያ አለው።

ጠቤ ከቋጠሮው ጋር ነው። ጀርመኖች ቅዳሜን በሁለት ስም ይጠሩታል፦ በደቡብና በምዕራብ «ዛምስታግ»፣ በሰሜንና በምሥራቅ «ዞናቤንድ»። ፍቺን ብቻ ለሚመዝን ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሆኖም የመጀመሪያው ከእኛው «ሰንበት» ጋር ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ሲሆን፣ ሁለተኛው የእሑድ ዋዜማ ማለት ነው። አንዱ የዕረፍትን ትዝታ ይዟል፤ ሌላው ገና የሚመጣውን ይጠብቃል። በልቦለድ ውስጥ አንድ ገጸ ባሕርይ «ዞናቤንድ» ቢል፣ ደራሲው አገሩን ሳይነግረን አንባቢው ይጠረጥራል። እኛስ «ሞተ»ን፣ «ዐረፈ»ንና «ተሰዋ»ን በአንድ ገመድ እናስራቸዋለን? የሐዘን ደብዳቤ ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

ይሁንና መረቡ ልቤን የሚያሸንፍበት ሥፍራም አለ። ጀርመንኛ ቃልን በቃል ላይ መቀጠል ይወዳል፤ የቱቢንገን ሊቃውንትም ጥምር ስሞችን እየፈቱ ከምንና ከምን እንደተገነቡ መዝግበዋል። ጓንት በጀርመንኛ «ሃንትሹ» ነው፤ ሲፈቱት «የእጅ ጫማ» ይሆናል። በአካሉ ጫማ፣ በፍቺው ግን የጫማ ወገን ያልሆነ! በየዕለቱ አፍ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረ ዘይቤ እንዲህ እጅ ከፍንጅ ይያዛል። (የእኛ ቅኔ ፈቺ ሕብረ ቃሉን ሰብሮ ወርቁን ሲያወጣ የሚያደርገው ከዚህ እጅግ አይርቅም።)

ከሁሉ ይልቅ የገረሙኝ ግን ባዶዎቹ ናቸው። ሥርዓቱ ለብዙ ቃላት አንድ ወላጅ ፈልጎ ቋንቋው ሳይኖረው ሲቀር፣ አዘጋጆቹ ሰው ሠራሽ ጽንሰ ሐሳብ ያስገባሉ፤ ሰው ሠራሽ መሆኑንም አይደብቁም፣ ምልክት ያደርጉበታል። ማንም በአፉ የማይጠራው፣ ልጆቹን ግን ሁሉም የሚጠራቸው ቃል! ይህን ታማኝነት ወድጄዋለሁ። ቋንቋ የት ላይ ዝም እንዳለ በካርታ ሲመለከት ያልተቁነጠነጠ ገጣሚ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ወንድማማቾቹ ያዕቆብና ቪልሄልም ግሪም በዚያው አገር ሌላ መንገድ ይዘው ነበር። መዝገበ ቃላታቸው እ.ኤ.አ. ከ1854 ጀምሮ ሲታተም፣ ለቃሉ የሚመሰክሩት ደራስያን ነበሩ፤ ሥራውም እነርሱ ካለፉ በኋላ ቆይቶ በ1961 ተፈጸመ። ግሪሞቹ ምስክር ጠሩ፤ መረቡ ዘመድ ይቆጥራል። ለእኔ አንዱ ሌላውን አይተካም፤ ለማሽን ቋንቋ በሚቀመርበት በዚህ ዘመን ደግሞ ምስክሩ ከችሎቱ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው፣ ከዓመታት በፊት ከአባ ጎርጎርዮስ አፍ የሰማውን ይዞ ነው። በቱቢንገንም ከቋንቋ ሊቁ ጎን አንድ የልቦለድ አንባቢ ቢቀመጥ እወዳለሁ፤ ቋጠሮውን እንዲፈታ ሳይሆን፣ «ዞናቤንድ» በሚለው አጠገብ በኅዳጉ ላይ ጥቂት እንዲጽፍ።