ቤት አቮት ስትመርጡ አስቀድማችሁ ስለ ቋንቋው ጠይቁ



በአገራችን ትልቁ ምርቃት «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ነበር። ስለዚህ እዚህ እስራኤል አንድ ሰው እናቱን ቤት አቮት፣ ማለትም የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሲያስገባ «ጣላት» ይባላል። እኔ በዚህ ፍርድ አልስማማም። ጎንደር ሳለን ጧሪው ልጅ ብቻውን አልነበረም፤ ምራትም፣ የልጅ ልጅም፣ ጎረቤትም ነበሩ። እዚህ ግን ባልም ሚስትም ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ ላይ ናቸው።

በእርግጥ አስቀድሞ የሚሞከር መንገድ አለ። ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢቱዋህ ሌኡሚ በሲዑድ ሕግ መሠረት መጣፔለት ቤት ድረስ መጥታ በሰዓት እንድትረዳ ይከፍላል። ቀንም ሌሊትም ጠባቂ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም።

እንግዲህ ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የሕንፃውን ውበትና የወለሉን ንጽሕና አይተን እንፈርማለን። ለመሆኑ እናታችን ሌሊት ስትጣራ የሚሰማት ማን ነው? የመርሳት በሽታ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ዘግይተው የተማሩት ቋንቋ ነው። ዕብራይስጡ ይሄዳል፣ አማርኛው ወይም ትግርኛው ይቀራል። አክስቴ በነበረችበት ቤት ሠራተኞቹ «ዝም ብላ ትቀባዥራለች» ይሉን ነበር። ቀርበን ስንሰማ ውሃ እየለመነች ነበር!

ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። በሌሊት ተራ አማርኛ የሚችል ሠራተኛ አለ? ሴትን የምታጥባት ሴት ናት? እናቶቻችን በወንድ እጅ ከመታጠብ ሞታቸውን ይመርጣሉ። እንጀራ ከቤት ማምጣት ይፈቀዳል? ቤቱስ በእግር ይደረሳል? ሰንበት ለሚያከብር ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ልጆች ሁሉ ከሥራ የሚያርፉት በሻባት ነው፣ በሻባት ደግሞ መኪና አይነዳም።

አማርኛ የሚችል ሰው ከሌለ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «በረደኝ»፣ «ሽንቴ መጣ» የሚሉትን ቃላት በዕብራይስጥ ፊደል ከነትርጉማቸው ጽፋችሁ ከአልጋዋ በላይ ለጥፉ።

አባትና እናትን አክብር የሚለው ትእዛዝ በማን ጣሪያ ሥር እንደሚከበሩ አልወሰነም። ስለዚህ ከሕንፃው ይልቅ የሚሰማት ጆሮ ያለበትን፣ እናንተም ቶሎ ቶሎ የምትደርሱበትን ቤት ምረጡ። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶችም ከመፍረዳችሁ በፊት ደውሉላት፤ ድምፃችሁን በአማርኛ ትስማ።

ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን። ሻባት ሻሎም!