ሐሜት የሚበላው 72 ሰዓት

በሴፕቴምበር 2014 (ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) ናይሮቢ ውስጥ አንዲት ሴት በምሽት አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ጊቱራይ 44 ተጓዘች። ጊቱራይ 44 ልጆቻችን ከሚኖሩበት ከካሳራኒ ብዙም አይርቅም፤ በቲካ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ሴትዮዋ ቤቷ በሰላም አልገባችም። ሾፌሩ፣ ረዳቱና አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ልብሷን ገፈፏት፣ አጠቋት፣ ዘረፏት። ግፉ በስልክ ተቀርጾ ነበር።

በኖቬምበር ደግሞ ሌላ ሴት መሀል ናይሮቢ፣ ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) ተራ ላይ፣ በብዙ ሰው ፊት ልብሷ ተገፈፈ። የገፋፊዎቹ ምክንያት ቀሚሷ አጭር ነው፣ ፈተነችን የሚል ነበር። በዚያው ወር በ17ኛው ቀን ሴቶች «ልብሴ ምርጫዬ ነው» እያሉ ከኡሁሩ ፓርክ ተነስተው ሰልፍ ወጡ። ሊቃወሟቸው የወጡ ወንዶችም ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ የተከራከረው ስለ ቀሚስ ርዝመት ሆነ፤ የገፈፉት ሰዎች ከወሬው መሀል ጠፉ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ክርክር በላይ የማስታውሰው የጊቱራዩን ፍርድ ነው። በጁላይ 2017 ፍርድ ቤቱ በሦስቱ ሰዎች ላይ ሞት ፈረደባቸው። ኬንያ ከ1987 ወዲህ በማንም ላይ የሞት ቅጣት አልፈጸመችም፤ እኔም በሞት ፍርድ የምደሰት ሰው አይደለሁም። ልብ ያልኩት ሞት ያስፈረደባቸውን ክስ ነው፤ በኃይል የተፈጸመ ዝርፊያ። ስልኳንና ገንዘቧን ወስደውባታል። አገሩ ስለ ሴት ጨዋነት ሲሟገት በመዝገቡ ላይ የተጻፈው የሌብነት ወንጀል ነበር። ሴትን በአለባበሷና በመግቢያ ሰዓቷ የሚዳኝ ሁሉ ሌባ ነው አልልም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዳኛ በበዛበት ሰፈር ለሌባው ሥራው ይቀልለታል፤ ሰው ሁሉ የሚመረምረው ተበዳይዋን ነውና።

ይህ ሴትን የመዳኘት ልማድ የተማረውንና ባለሥልጣኑንም ያጠቃልላል። በ1989 ፕሮፌሰር ዋንጋሪ ማታይ በኡሁሩ ፓርክ 60 ፎቅ ሕንፃ መሠራት የለበትም ብለው ሲነሱ፣ የዚያን ጊዜው የኬንያ ፕሬዚዳንት ሞይ የመለሱት ስለ ሕንፃው አልነበረም። በአፍሪካ ባህል ጨዋ ሴት ወንድን የምታከብርና ዝም የምትል ናት አሉ። ሕንፃው ቀረ፣ ፓርኩም ተረፈ። የ2014ቱ ሴቶች ሰልፋቸውን የጀመሩት በዚሁ ፓርክ ነው።

በጃንዋሪ 2024 በናይሮቢው ሮይሳምቡ ሰፈር ውስጥ፣ በቀን በሚከራይ አፓርታማ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በግፍ ተገደለች። ገዳይዋ ገና ሳይታወቅ «ለምን ሄደች? ከማን ጋር ነበረች?» የሚለው ጥያቄ ቀደመ። በዚያው ወር በ27ኛው ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና ወንዶች በናይሮቢና በሌሎች ከተሞች አትግደሉን ብለው አደባባይ ወጡ። እኛ ሐበሾች ግን ቡና ላይ ተቀምጠን ስለ ልጅቷ አካሄድ ስናወራ ሰምቻለሁ። ልጇን በሞት ያጣች እናት ከጎረቤት ግድግዳ ማዶ ይህን ብትሰማ ምን ትሆን ነበር?

አገራችንም ያው ነው። ኬንያውያን ስለ ቀሚስ በሚከራከሩበት በዚያው 2014፣ አዲስ አበባ ውስጥ የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ለመመለስ ታክሲ ተሳፈረች። አፍነው ወሰዷት፣ ደፈሯት፤ በኖቬምበር መጀመሪያ ሞተች። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ለሴት ልጆች የተሰጠውን ምክር አስታውሳለሁ፤ ባዶ ታክሲ አትግቢ፣ ሳይመሽ ግቢ፣ ብቻሽን አትሂጂ። ወንድ ልጁን አስቀምጦ «አንተስ?» ያለ አባት ግን አላጋጠመኝም።

በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው ይል ነበር። ሚስቱ ከማን ጋር እንደምትገናኝ የመከታተልና ጠባይዋን የመምራት ሥልጣንም ሰጥቶት ነበር። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎችም ብዙ ከታገሉ በኋላ በ2000 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያንን ሻረው። ሕጉ ቢሻርም ቁጥጥሩ አልቀረም፤ ከባል እጅ ወጥቶ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ እኛ ወደ ሴቶቹ ገባ። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ምግብ ብታሳርር ወይም ሳትነግረው ከቤት ብትወጣ በመሳሰሉ ምክንያቶች ቢያንስ በአንዱ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ከወንዶቹ ይህን ያሉት 28 በመቶ ነበሩ። በ2005 የሴቶቹ ቁጥር 81 በመቶ ስለነበር መውረዱ እውነት ነው። ሆኖም ከወንዶቹ ይልቅ በራሳችን ላይ የምንፈርደው እኛ ሴቶች መሆናችን ያሳዝነኛል። ዱላውን የተቀበለች እናት ልጇንም እንድትቀበል ስታሳድግ፣ ያለፈችበት መከራ ትክክል ነበር ብላ ራሷን ማጽናናቷም ይሆናል።

ካሳራኒና አካባቢው የሚኖሩ ልጆቻችን ይህን ሸክም ይዘውት ነው የመጡት። አንዷ ምግብ ቤት ትሠራለች፤ ማታ ሦስት ሰዓት ከሥራ ወጥታ በማታቱ ትመለሳለች። ሌላዋ ወደ ሌላ አገር የመሄድ ፕሮሰሷ እስኪያልቅ ከውጭ አገር በሚላክላት ገንዘብ ክፍል ተከራይታ ትጠብቃለች። አብሯት የሚኖር ወንድም ወይም ባል ከሌለ «ይቺ ምን ሠርታ ነው የምትኖረው?» ይባላል። ሰው ቤቷ ከገባ ይቆጠራል፣ ካልገባም «ምን ደብቃ ነው?» ይባላል። ወሬው እሷ ለእናቷ ሳትደውል አዲስ አበባ ይደርሳል። ከሰፈር ሰው ዓይን ለመሸሽ ከቤቷ ራቅ ብላ የምትወርድ፣ ቀሪውን መንገድ በጨለማ በእግሯ የምትሄድ ልጅ አውቃለሁ። ስሟን ለመጠበቅ ስትል ለአደጋ ትጋለጣለች። በዚያው ሰዓት የሚገባውን ወንድ ግን ማንም አይጠይቀውም።

ዋናው ጉዳዬ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ለተደፈረች ሴት ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። የእርግዝና መከላከያውም ጊዜ አይሰጥም። ዓርብ ማታ ጥቃት የደረሰባት ልጅ ቅዳሜን በሯን ዘግታ ስታለቅስ ትውላለች። ለጓደኛዬ ልንገር ወይስ አልንገር ትላለች፤ ጓደኛዋ በሰው ስትፈርድ ሰምታለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከቆሙት እናቶች መሀል የምትነግራትን ትፈልጋለች፤ «ማታ ምን ትሠሪ ነበር?» የማትላትን አታገኝም። ፖሊስ ጋ እንዳትሄድ የስደተኛ ወረቀቷ ያስፈራታል። ሰኞ ማታ ሰዓቱ ያልቃል። ያን ሁሉ ሰዓት የበላው በሰላሙ ቀን ያወራነው ሐሜት ነው። እኛ እንደ ቀልድ የጣልነውን ቃል እሷ መዝግባ ይዛዋለች፤ በክፉ ቀንም ወደማን መሄድ እንደሌለባት የነገራት እሱ ነው።

ስለዚህ በናይሮቢ ላሉ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የእድር መሪዎች የምለው አለኝ። በየማኅበራችሁ ሁለት ሦስት ሴቶችን ምረጡ፤ አማርኛም ስዋሂሊም የሚችሉ፣ ሌሊት ስልክ የሚያነሱ፣ የሰሙትን የማያወሩ። 1195 በኬንያ ለጥቃት ተጎጂዎች የተዘጋጀ ነጻ የስልክ መስመር ነው፤ ከጸሎት በኋላ በሚነበበው ማስታወቂያ ላይ ደጋግማችሁ ንገሩ። ናይሮቢ ውሜንስ ሆስፒታል ከ2001 ጀምሮ ለእንዲህ ያለ ጉዳት የተለየ ማዕከል አለው። ሕክምናው የፖሊስ ወረቀት አይጠብቅም፤ ልጆቻችን ይህን ባለማወቅ ቤት ይቀራሉ። የተመረጡት ሴቶች ልጅቷን ታክሲ ውስጥ አስገብተው ሆስፒታል ያድርሷት፣ ተራዋ እስኪደርስ አብረዋት ይቀመጡ፣ ከየት ስትመጣ እንደነበር አይጠይቋት።