ተከላካዩን የምናስታውሰው ሲሳሳት ብቻ ነው



ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከዐስር ሶላት በኋላ ኳስ ሜዳ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ቡድን ሲከፈል ሁሉም አጥቂ ነኝ ይላል። ኳስ እምቢ ያለው ወይም አዲስ የመጣው ልጅ «አንተ ኋላ ቁም» ይባላል። ተከላካይነት እኛ ዘንድ ቅጣት ነው። ደግሞ በጠባብ ሜዳ ያለ ኦፍሳይድ ስለምንጫወት መስመር መጠበቅን የሚማር ልጅ የለም።

ጥር 13 ቀን 2005ን እናስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ የበቁት ዋልያዎቹ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጡ። የአዳነ ግርማን ጎል ዛሬም እናወራለን። ግን በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛውን አጋማሽ በሙሉ በ10 ሰው ተጫውቶ አንድም ጎል ያልተቆጠረበት ያ የኋላ መስመር ግን ስሙ አይነሳም። የቡድኑ አምበል ደጉ ደበበ ራሱ ተከላካይ ነበር።

አሁን ወደ ጥር 1 ቀን 2014 እንምጣ። ካሜሩን ላይ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ። ቡድኑ ከዚያ በኋላ ወደ 80 ደቂቃ ያህል በ10 ሰው ተጫውቶ የተሸነፈው 1 ለ 0 ነው። ያሬድ ፋሲል ከነማ ውስጥ ለዓመታት የሠራው ሥራ በአንድ ካርድ ይሰረዛል? አጥቂ ፍጹም ቅጣት ምት ሲስት «ዕድል ነው» እንላለን፤ ተከላካይ ሲሳሳት ግን ስልካችንን አውጥተን እንሰድባለን። ፊቱ ቁጭ ብለን የማንናገረውን ከኋላው መጻፍ ጊባ መሆኑ በኳስ ምክንያት አይቀርም።

ስለ ሙያው ደግሞ እንነጋገር፤ ሕልሙ ያላችሁ ብዙ ናችሁና። በነሐሴ 2011 ፌዴሬሽኑና ክለቦች የተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳያልፍ ተስማምተው ነበር። ለብዙዎቻችን ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን ጣሪያ እንጂ የሁሉም ደመወዝ አልነበረም፤ ውሉ አጭር ነው፤ በከተማ አስተዳደር በጀት የሚኖር ክለብ ደግሞ ደመወዝ ለወራት ሊያዘገይ ይችላል። ጉልበት ካልተጎዳ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላስ?

ሪያድ ተወልዶ ስዊድን ያደገው ተከላካዩ ዋሊድ አታ ለስዊድን ወጣት ቡድን ተጫውቶ፣ ክሮኤሺያና ቱርክ ድረስ ሄዶ ተጫውቷል፤ የኢትዮጵያን ማልያም ለብሷል። ከኛ ልጆች የለየው እግሩ ብቻ አይመስለንም። ከልጅነቱ አሠልጣኝና ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ ነበረው። እኛ ጋ የባሕር ዳር ስታዲየም እንኳ በካፍ ታግዶ፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበትን «የሜዳችንን» ጨዋታ ማላዊ ነው ያደረግነው።

ስለዚህ የክለብ ሙከራ ሲጠራ አጥቂ ነኝ ብለው ከሚሰለፉት መሀል አትጋፋ፤ ተከላካይ ነኝ በል። ጨዋታ ማንበብ ጊዜ ስለሚፈልግ በ18 ዓመትህ ካልታየህ አልቆልኛል አትበል። ትምህርትህን አታቋርጥ። ውል ስትፈርምም ወረቀቱን ቁጭ ብሎ የሚያነብልህ አንድ ታላቅ ወንድም ይዘህ ሂድ።