ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት

ካሜራውን፣ የበር መቆጣጠሪያውን፣ የሌባና የእሳት ማንቂያውን በአንድ አያይዛችሁ ለድርጅቶች ለምትነድፉ የሙያ እኩዮቼ ይህን የምጽፈው ከልቤ ሰግቼ ነው። ዛሬ በየጨረታው ሰነድ ሁሉም ነገር በአንድ ሰርቨርና በአንድ ስክሪን ይሁን ይባላል። ደንበኛው ይወደዋል፤ እኛም እሺ ብለን እንነድፍለታለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እየተባልን አድገናል። ያበረው ድር የሕንጻውን ሰው ራሱን ሊያስር እንደሚችል ግን በስብሰባ ላይ አፍ አውጥቶ የሚናገር እየጠፋ ነው።

ከበሩ ልጀምር። በየቢሮው በብዛት የምንሰቅለው ማግኔት ቁልፍ 280 ኪሎ ያህል የመያዝ ጉልበት አለው፤ በትከሻ ቢገፉት ንቅንቅ አይልም። የሚለቀው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት ነው፤ ለመውጫ በር የተመረጠውም ስለዚሁ ነው። እኛ ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ ወለል እንዳይል ብለን ባትሪ እናስርለታለን። ከዚያም እሳት ሲነሳ እንዲለቅ፣ ትእዛዙን ከፋየር አላርሙ ወደ ሰርቨሩ፣ ከሰርቨሩ በኔትወርክ ወደ በሩ እናዞረዋለን። እሳቱ የተነሳው ከሰርቨሩ ክፍል ቢሆንስ? ሰርቨሩ ይቃጠላል፣ ትእዛዙ አይደርስም፣ ባትሪው ግን በሩን ጠርቅሞ እንደያዘ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በካራቺ አንድ የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ከ250 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል። መውጫዎቹ ተቆልፈው፣ መስኮቶቹ በብረት ታጥረው ነበር። ፋብሪካው ከጥቂት ሳምንታት በፊት ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ እንደነበር አትርሱ።

ስለዚህ ከእሳት መቆጣጠሪያው ፓነል የሚመጣው ሪሌይ የማግኔቱን ኃይል፣ የባትሪውንም ጭምር፣ በሽቦ በቀጥታ ይቁረጥ። መሃል ላይ ሶፍትዌር አይግባ። ከበሩ አጠገብ ያለው አረንጓዴ የድንገተኛ መክፈቻም ለመቆጣጠሪያው መልእክት የሚልክ ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ የኃይሉን መስመር ራሱን ማቋረጥ አለበት። በርክክብ ቀን ሰርቨሩን አጥፉ፣ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉ፣ አላርሙን አስጩሁ፤ ከዚያ እየዞራችሁ እያንዳንዱን በር በእጃችሁ ግፉ። አንዱ እንኳ እንቢ ካለ አትፈርሙ።

ሁለተኛው ስጋቴ ካሜራው ነው። ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እንደዘገበው፣ ሰርጎ ገቦች እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት፣ ምድር ቤት ባሉ ሰርቨሮች በኩል የግቢውን የካሜራ ምስል ሲቀዱ ቆይተዋል። የሚቀዱትም በሥራ ሰዓት፣ ኔትወርኩ በተጨናነቀበት ጊዜ ስለነበር በውስጥ ያሉት አላዩትም፤ ጥቆማው የመጣው ከጃፓን ነው። ማን አደረገው የሚለው የእኛ ሙያ አይደለም። ለጥበቃ የተሰቀለው ዓይን ለሌላ ሰው ሲያይ መክረሙ ግን በቀጥታ እኛን ይመለከታል። የካሜራው ኔትወርክ ከቢሮው ኔትወርክ ይለይ፤ ወደ ውጭ የሚወጣውንም የሚከታተል ሰው ይመደብ።

ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ ሳይቀይሩ ማስረከብማ ነውር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችንና የምስል መቅጃዎችን የማረከው ስልሳ ያህል የታወቁ የመግቢያ ስሞችንና ፓስወርዶችን እየሞከረ ነው። ይህን እያወቅን ዛሬም በጥበቃ ክፍሉ ስክሪን ጠርዝ ላይ ፓስወርዱ በወረቀት ተለጥፎ እናያለን፣ አይተንም እናልፋለን።

ጀማሪዎቹ የሚሠሩት እኛ ስንሠራ ያዩትን ነው። ደንበኛው ወጪ በዛብኝ ቢል፣ ከካሜራው ቁጥር ቀንሱለት እንጂ ከመውጫ በሩ ሽቦ አትቀንሱ። አልቀበልም ካለ ሥራውን መልሱለት። ቀድሞ ያስረከባችሁት ሕንጻ ካለም ሳትጠሩ ሂዱና በሮቹን እንደገና ፈትኑ፤ ሰዎች ዛሬም ውስጡ እየሠሩ ነው።