ሕግ ከቤት ደጃፍ ላይ ሲቆም፦ የልጆች ስሜትና የወላጆች ጫና በምሥራቅ አፍሪካ

ልጆችን በዱላ መቅጣትን የሚከለክሉ ሕጎች ባለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ተበራክተዋል። ይሁን እንጂ ልጁ ሲከፋው፣ ሲፈራ ወይም ሲቆጣ ወላጁ ከዱላ ይልቅ ምን ማድረግ እንዳለበት ሕጎቹ አይናገሩም። ይህ ክፍተት ጦርነት፣ መፈናቀልና የኑሮ ውድነት በተጫናቸው ቤተሰቦች ዘንድ ጎልቶ ይታያል።

ኢትዮጵያ ለዚህ አንድ ማሳያ ናት። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊና ከጭካኔ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ድንጋጌው ግን የወላጅን ቤት በስም አያነሳም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 576 ልጅን ማንገላታት ወንጀል መሆኑን ከገለጸ በኋላ፣ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይቃረን የሚወሰድን የወላጅ እርምጃ ከቅጣት ውጭ ያደርገዋል። ቁንጥጫው፣ ማንበርከኩና በበርበሬ ማጠኑ “ለመልካም አስተዳደግ” ከሚለው ሐረግ በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ አንባቢ ራሱ እንዲገምት ተትቷል።

ጎረቤት አገራት ከዚህ ራቅ ብለው ሄደዋል። ኬንያ እአአ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ማንም ሰው አካላዊ ቅጣት እንዳይፈጸምበት ደንግጋለች። ደቡብ ሱዳን ደግሞ እአአ በ2011 በሽግግር ሕገ መንግሥቷ ክልከላው ወላጆችንም እንደሚመለከት በግልጽ ጽፋለች። ሆኖም ሁለት ዓመት ተኩል ሳይሞላ አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ገባች። ሕጉ ሊደርስበት የታሰበው ቤት ራሱ ፈረሰ።

ቁጣው ከየት ይመጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት እአአ በ2019 ባወጣው ግምት፣ ግጭት ባለባቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ እናቶችና አባቶች ናቸው። በሰሜን ኢትዮጵያ ለሁለት ዓመታት በተካሄደው ጦርነት፣ እንዲሁም እአአ ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ በሱዳን በቀጠለው ውጊያ ቤታቸውን ጥለው የተሰደዱ ወላጆች የራሳቸውን ኀዘን ሳይወጡ የልጆቻቸውን ፍርሃት እንዲሸከሙ ተገደዋል። እናት ለሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገራት በሄደችበት ቤት ደግሞ ልጁ የሚያገኘው በስልክ የሚመጣ ድምፅና የደከመች አያት ነው።

እንዲህ ባለ ቤት የሚሰነዘር ጥፊ ከጥላቻ ይልቅ ከድካም የሚመነጭበት ጊዜ ይበዛል። ለልጁ ግን ምክንያቱ አይታየውም። ሲያለቅስ “ዝም በል፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም” የተባለ ልጅ ሕመሙን መደበቅ ይማራል። የራሱን ስሜት በስሙ መጥራት ያልተፈቀደለት ልጅ ደግሞ የሌላውን ስሜት ማንበብ ይቸገራል። ርኅራኄ በስብከት ብቻ አይተላለፍም፤ ልጅ የሚማረው ሲደረግለት አይቶ ነው።

ከኡጋንዳ የተገኘ ልምድ

ሊለወጥ እንደሚችል የሚያሳይ ማስረጃ ከዚሁ ቀጣና አለ። በኡጋንዳ ሉዌሮ ወረዳ በሚገኙ 42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እአአ በ2015 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። ከትምህርት ቤቶቹ ግማሾቹ ሬይዚንግ ቮይስስ የተባለው የአገሪቱ ድርጅት ያዘጋጀውን መርሐ ግብር ለ18 ወራት ተገበሩ። መምህራን፣ ተማሪዎችና አስተዳዳሪዎች ያለ ዱላ ሥርዓት ስለማስከበር አብረው ተለማመዱ።

በመጨረሻም ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ተመትተናል ያሉ ተማሪዎች መርሐ ግብሩ ባልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች 49 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በደረሰባቸው 31 ከመቶ ገደማ ነበሩ። ልዩነቱ ከፍተኛ ነው። የቀረው 31 ከመቶ ግን ልማድ በአንድ ሥልጠና እንደማይነቀል ያስገነዝባል።

ብዙ ወላጆች የሚያነሡት ሥጋት አለ፦ ዱላ ከቀረ ልጁ ስድ ይሆናል የሚል። ሥጋቱ መናቅ የለበትም፤ ድንበር የሌለው አስተዳደግም ልጅን ይጎዳል። ነገር ግን የልጁን ስሜት መረዳት ጥፋቱን ከማጽደቅ ይለያል። “መናደድህ ገብቶኛል፤ እህትህን መምታት ግን አይቻልም” የሚል ወላጅ ድንበሩንም ልጁንም አልጣለም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቋንቋ በባህሉ ውስጥ አለ። ኀዘን የደረሰበት ጎረቤት ቤት ሄዶ መቀመጥ፣ ቶሎ ተጽናና ብሎ ሳያጣድፉ አብሮ ማልቀስ፣ “አይዞህ” ማለት የታወቀ ወግ ነው። የሰው ሐዘን “አንጀቴን በላው” የሚል ሕዝብ ርኅራኄን ከውጭ መዋስ አያሻውም። የጎደለው ለአዋቂ ለቀስተኛ የሚሰጠውን ትዕግሥት ለአምስት ዓመት ልጅም መስጠት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከአጋሮቻቸው ጋር እአአ በ2018 ይፋ ያደረጉት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ ለልጁ ስሜትና ፍላጎት ፈጥኖ ምላሽ መስጠትን ከጤና፣ ከምግብ፣ ከደኅንነትና ከቅድመ ትምህርት እኩል አስቀምጦታል። በኢትዮጵያ ይህን ምክር ወደ ቤት ሊያደርስ የሚችል መንገድ አለ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለክትባትና ለሥነ ምግብ ምክር የቤተሰቡን ደጃፍ ያንኳኳሉ። ተጨማሪ ሥራ ግን ተጨማሪ ሥልጠና፣ ሰዓትና በጀት ይጠይቃል። ያ ካልተሟላ ምክሩ ለደከመች እናት ሌላ ወቀሳ ይሆንባታል።

ስለዚህ የሕግ ማሻሻያው ጥያቄ ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም። ልጇን “አይዞህ” እንድትል የሚጠበቅባት እናት እርሷንም “አይዞሽ” የሚላት ያስፈልጋታል፤ ጎረቤትም ይሁን የጤና ሠራተኛ። በየመጠለያውና በየመንደሩ ዛሬ የሚያድገው ትውልድ ነገ ከተጋጩ ማኅበረሰቦች ጋር ጎን ለጎን ይኖራል፤ የሌላውን ሕመም የማወቅ ችሎታውን ይዞ የሚወጣውም በመጀመሪያ ከዚያው ቤት ነው።